ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ አንድ? ከመክፈላችሁ በፊት የሚሠራ ልኬት

«አዲስ አበባ ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ዩዝድ ዎርክስቴሽን አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህ ጥያቄ አያልቅብኝም። ቪዲዮ ቤት ያለው ይጠይቃል፣ የቤት ፕላን የሚሠራው ይጠይቃል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ «ያለኝ ማሽን ላይ ባዶ መቀመጫ አለ፤ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ላስገባበት?» ይላል። መልሱ የሚጀምረው ከሻጩ ሳይሆን ከራሳችሁ ሥራ ነውና በተርታ ጽፌዋለሁ። እስከ ደረጃ 4 ድረስ አንድ ብር አታወጡም። አብዛኞቻችሁ እዚያው ላይ መልሳችሁን ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ቀድመን እናጥራ። አንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ብዙ ኮር፣ ማለትም ለየብቻው ሥራ የሚሠራ ክፍል፣ አለ። «ዱዋል ኮር» የሚል የተለጠፈበት ላፕቶፕ ያለው አንድ ፕሮሰሰር ነው። እዚህ የምናወራው ማዘርቦርዱ ሁለት ፕሮሰሰር ስለሚይዝ ዎርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የተሠራ ኮምፒውተር) ነው፤ እንደ ኤችፒ ዜድ640 እና ዜድ840፣ እንደ ዴል ፕሪሲዥን ቲ7810 ያለውን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመለካት፦
- አሁን የምትሠሩበት ኮምፒውተርና ሁልጊዜ የሚያስጠብቃችሁ አንድ እውነተኛ ፋይል (የሙከራ ፋይል አይደለም)
- ሰዓት የምትይዙበት ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
- ፍላሽ ላይ የተጫኑ ሲፒዩ-ዜድ (የፕሮሰሰሩን ስም የሚያሳይ)፣ ኤችደብሊውኢንፎ (ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳይ) እና ሲኔቤንች አር23 (ፕሮሰሰሩን የሚፈትን)፤ ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ

ለመግጠም፦
- መስቀለኛና ኮከብ አፍ ካቻቢቴ
- ተርማል ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)
- ንጹህ አልኮልና ክር የማይተው ጨርቅ
- ባትሪ፤ የስልክ መብራትም ይበቃል

ደረጃ 1፦ የሚያስጠብቃችሁን ሥራ በስሙ ጻፉ

«ኮምፒውተሬ ይዘገያል» አይበቃም። የትኛው ፕሮግራም፣ የትኛው ትእዛዝ፣ ስንት ደቂቃ? ሦስት መስመር ጻፉ። ይህ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ፕሮሰሰር የሚያፋጥነው ተከፋፍሎ የሚሠራ ሥራ ብቻ ስለሆነ ነው። ሁለት ምጣድ ቢጣድ ሌማቱ ቶሎ ይሞላል፤ አንዷ እንጀራ ግን በዚያው ጊዜዋ ነው የምትበስለው።

ፕሮግራሞቹ በግምት እንዲህ ይለያያሉ።

አውቶካድና ስኬችአፕ ላይ ስታዞሩ፣ ስትስሉ፣ ስታስተካክሉ የሚለፋው በአብዛኛው አንድ ኮር ነው። ፒችትሪ፣ ወርድና ተራ ኤክሴልም እንደዚያው። ለእነዚህ የሚበጀው የአንዱ ኮር ፍጥነት እንጂ የኮር ብዛት አይደለም። ጌምም ከእነዚህ ጋር ይመደባል፤ የጌም ቤት ባለቤቶች ሁለት ፕሮሰሰር የሚባለውን ነገር ከሐሳባችሁ አውጡት።

ሬንደር የሚያደርጉት፣ ማለትም ከሞዴሉ ያለቀለት ምስል የሚያወጡት፣ ቪሬይ፣ ኮሮና፣ እንዲሁም ብሌንደር በፕሮሰሰር ሲሠራ፣ ያገኙትን ኮር ሁሉ ይጨርሳሉ። ሁለት ፕሮሰሰር ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። አንድ ማሽን ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ ሰውም እዚህ ይገባል። ሉሚየን፣ ኢንስኬፕና ዲ5 ግን በግራፊክስ ካርድ ነው የሚሠሩት፤ ለእነሱ ብሩን ካርዱ ላይ አውሉት። የሕንፃ ጥንካሬ የሚያሰላው ኢታብስ መሃል ላይ ነው፤ ሞዴሉን ስትሠሩ አንድ ኮር፣ አናሊሲስ ሲሮጥ ደግሞ ከፊሉ ይከፋፈላል።

የሠርግ ቪዲዮ ለብቻው ይታይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካሜራዎቹ በአብዛኛው ኤች.264 ወይም ኤች.265 የሚባል የታመቀ ቪዲዮ ነው የሚያወጡት። ይህን የሚፈታ ራሱን የቻለ ክፍል በተራዎቹ የኢንቴል ኮር አይ ፕሮሰሰሮች ውስጥ አለ፤ ኩዊክ ሲንክ ይባላል። ፕሪሚየር ይጠቀምበታል። ዎርክስቴሽኖቹ ላይ ባለው ዚዮን ኢ5 ፕሮሰሰር ግን ይህ ክፍል የለም። ሁለት ብታደርጉትም የለም። ስለዚህ 28 ኮር ያለው ማሽን ታይምላይን ላይ እየተንገጫገጨ፣ ባለ 6 ኮሩ አይ5 በጸጥታ ሲያጫውት ብታዩ አይግረማችሁ። ጥሩ የኤንቪዲያ ካርድ ክፍተቱን በከፊል ይሸፍናል። አይ5 ስትገዙ ደግሞ ስሙ በኤፍ እንዳያልቅ ተጠንቀቁ፤ 12400ኤፍ ውስጡ ግራፊክስ ስለሌለው ኩዊክ ሲንክም የለውም።

ደረጃ 2፦ ሥራው ሲሮጥ ኮሮቹን ተመልከቱ

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ። ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሎጂካል ፕሮሰሰርስ የሚለውን ምረጡ። አሁን እያንዳንዱ በየራሱ ሳጥን ይታያል።

ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ሥራ አስነሱ። ሁሉም ሳጥኖች ጣሪያ ከነኩ ሥራው ይከፋፈላል። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ላይ ታች ካሉና ሌሎቹ ከተኙ፣ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ማለት የሚተኙትን ቁጥር መጨመር ነው።

ማሳሰቢያ፦ ላይ የሚታየውን አጠቃላይ ፐርሰንት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ባለ 8 ትሬድ ማሽን ላይ (ትሬድ ማለት ከሳጥኖቹ አንዱ ነው፤ አንድ ኮር ብዙ ጊዜ ሁለት ትሬድ አለው) አንድ ትሬድ ሙሉ ለሙሉ ቢያዝ ጠቅላላው 12 ወይም 13 ፐርሰንት ነው የሚለው። ሰው ይህን አይቶ «ፕሮሰሰሬማ አልተነካም» ይላል። በእርግጥ ግን አንዱ ኮር ትንፋሽ አጥሮታል።

ደረጃ 3፦ ግማሹን ኮር ከልክላችሁ ሰዓት ያዙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህንን ሥሩ።

1. ሥራውን እንዳለ አስኪዱና ደቂቃውን ጻፉ።
2. ፕሮግራሙን ዝጉና እንደገና ክፈቱ። ታስክ ማናጀር ላይ ዲቴይልስ የሚለው ውስጥ ስሙን ፈልጉ፤ ራይት ክሊክ፣ ሴት አፊኒቲ (ፕሮግራሙ የትኞቹን ኮሮች እንዲጠቀም የሚወስነው)።
3. ከዝርዝሩ የኋለኛውን ግማሽ ምልክት አንሱ። 8 ካለ ከ0 እስከ 3 ያሉትን ብቻ ተዉ። ተከታታዮቹን የምንተወው 0 እና 1 አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ኮር ሁለት ትሬዶች ስለሆኑ ነው፤ ዘለል ዘለል አድርጋችሁ ብታነሱ ኮር ሳይሆን ትሬድ ነው የምትቀንሱት።
4. ያንኑ ሥራ ድገሙ። ደቂቃውን ጻፉ።

ፕሮግራሙ ሲዘጋ ለውጡ ራሱ ይጠፋል፤ ምንም አይበላሽም። ኤክስፖርቱን ሌላ ፕሮግራም የሚሠራው ከሆነ፣ ለምሳሌ ሚዲያ ኢንኮደር፣ አፊኒቲውን የምትቀይሩት እዚያኛው ላይ ነው።

አሁን ሒሳቡ። የጨመረውን ደቂቃ ለሁለት ክፈሉ። ኮር እጥፍ ስታደርጉ የምታተርፉት በግምት ያንን ያህል ነው።

ሥራው በሙሉ ኮር 10 ደቂቃ፣ በግማሽ ኮር 18 ደቂቃ ወሰደ እንበል። የጨመረው 8 ነው፤ ግማሹ 4። ኮሩ እጥፍ ቢሆን ወደ 6 ደቂቃ ይወርዳል። ጥሩ ነው፤ ቀጥሉ። በግማሽ ኮር 13 ደቂቃ ከሆነስ? የጨመረው 3፣ ግማሹ አንድ ተኩል፤ 10 ደቂቃው ስምንት ተኩል ይሆናል። ለእሱ ሌላ ማሽን መግዛት አይመከርም። 10 ወይም 11 ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ሁለት ፕሮሰሰር አትግዙ።

ይህ ግምት ደግሞ አዲሶቹ ኮሮች ከድሮዎቹ እኩል ሲፈጥኑ ነው። ዩዝድ ዎርክስቴሽን ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ኮሩ ይበዛል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የ13 ደቂቃውን ሰው እንውሰድ። አሁን ያለው ኮር አይ7-4790 ነው፤ 4 ኮር፣ እስከ 4.0 ጊጋኸርትዝ። ሊገዛ ያሰበው ሁለት ዚዮን ኢ5-2620 ቪ3 ያለበት ነው፤ በድምሩ 12 ኮር፣ አንዱ ኮር ቢበዛ 3.2። ሁለቱም የአንድ ትውልድ ስለሆኑ በጊጋኸርትዝ ማወዳደር ይቻላል። ከ10 ደቂቃው ውስጥ የማይከፋፈለው 7 ደቂቃ በዘገምተኛው ኮር ወደ 9 ይጠጋል። የሚከፋፈለው 3 ደቂቃ ወደ አንድ ተኩል ይወርዳል። ድምሩ? ያው 10 ገደማ። ሦስት እጥፍ ኮር ገዝቶ እዚያው።

ደረጃ 4፦ ጥፋተኛው ሌላ እንዳይሆን

ሥራው እየሮጠ እነዚህን እዩ።

ሜሞሪ 90 ፐርሰንት አካባቢ ከቆመ ራም ነው የጎደላችሁ። ዲስክ 100 ላይ ከተጣበቀና ዲስካችሁ ድሮ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ኤስኤስዲ አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ለኩ። ብዙ ሰው «ፕሮሰሰር ልቀይር» ብሎ መጥቶ በኤስኤስዲ ብቻ ተመልሷል።

ሙቀቱንም በኤችደብሊውኢንፎ እዩ። ሥራው ሲከብድ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት መነሻው ተብሎ ከተጻፈው በታች ከወረደ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ነው። አቧራውን አራግፉ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት ቀይሩ። ይህ ሳይሠራ የተለካ ደረጃ 3 ያሳስታችኋል።

ደረጃ 5፦ የፕሮሰሰሩን ስም ማንበብ

ሻጩ «ዚዮን ነው» ብሎ ያልፋል። እናንተ ግን ሙሉ ስሙን ጠይቁ።

ከኢ5 ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር አንድ ማሽን ላይ ቢበዛ ስንት ሆኖ መሥራት እንደሚችል ይናገራል። ኢ5-1650 ብቻውን ነው የሚሠራው። ኢ5-2650 ሁለት ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ኢ5-1650 ያለበትን ማሽን ገዝታችሁ «ሌላ አንድ እጨምርበታለሁ» ብትሉ አይሆንም፤ ያለውን አውጥታችሁ ሁለት የ2600 ተከታታይ ማስገባት ግድ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለው ቪ ትውልዱ ነው። ያለ ቪ ያለው የ2012፣ ቪ2 የ2013፣ ቪ3 የ2014፣ ቪ4 የ2016 ነው፤ ሁሉም በፈረንጅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዲዲአር3 ራም ይይዛሉ፣ የኋለኞቹ ዲዲአር4። መቀመጫቸውም አይገጣጠምም። ከዚያ በፊት ያሉት፣ እንደ ኤክስ5650 ያሉት፣ ኤቪኤክስ የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ የላቸውም። አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች ያለ እሱ ጨርሶ አይከፈቱም። በነጻ ቢሰጧችሁም ለሥራ አትመኩባቸው።

ከዚያ ፍጥነቱን ተመልከቱ። ኢ5-2680 ቪ4 14 ኮር አለው፤ 2.4፣ ሲገፋ 3.3 ጊጋኸርትዝ። ሁለት ሲሆን 28 ኮር። ኮር አይ5-12400 ያለው 6 ኮር ብቻ ነው፤ ግን እስከ 4.4 ይሄዳል፣ በአንድ ምት የሚሠራውም ይበልጣል። በአንድ ኮር ሥራ አይ5ቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሁሉም ኮር በሚሠራበት ጊዜም ከአንዱ 2680 ቪ4 ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ሁለቱ ዚዮኖች አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሬንደር ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። በደረጃ 3 የ18 ደቂቃ ሰው ከሆናችሁ ሁለቱ፣ ካልሆናችሁ አይ5ቱ ወይም ራይዘን 5 5600 ይሻላችኋል።

ደረጃ 6፦ ሳጥኑ ምን ይቀበላል?

ዜድ440 የሚይዘው አንድ ነው። ዜድ840 ሁለቱንም ማዘርቦርዱ ላይ ይይዛል። ዜድ640 መሃል ላይ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚቀመጠው በተጨማሪ ቦርድ ላይ ሲሆን ቦርዱ የራሱ ፋንና የራም ቀዳዳ አለው። ያ ቦርድ ከሌለ ፕሮሰሰሩን በርካሽ ማግኘታችሁ ምንም አይጠቅማችሁም፤ ቦርዱን ለብቻው መፈለግ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ሁለት ይቀበላል» ሲባል ሁሌም ይህን ጠይቁ፦ ቦርዱ አለ? ሂትሲንኩና (ሙቀቱን የሚስበው ብረት) ፋኑስ? የፓወር ገመዱስ?

ራሙንም አስቡበት። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ራም አለው፤ ከሌላው ጋር ሲዋሱ ይዘገያሉ። ኢ5ቱ አራት አራት የራም መስመር ስላለው በየፕሮሰሰሩ አራት ራም ማድረግ ነው ትክክለኛው። ስለዚህ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ስትገዙ አብሮ የሚገዛ ራም አለ። ዎርክስቴሽን ላይ የሚገኘው ሬጂስተርድ ራም ተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም፤ ከተራው ጋር ቀላቅላችሁም አታስገቡ። በተጨማሪ አንዳንድ የካርድ ማስገቢያዎች የተያያዙት ከሁለተኛው ፕሮሰሰር ጋር ነው። እሱ ከሌለ እነሱም የሉም።

ደረጃ 7፦ መብራትና ሙቀት

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሥሩ። ሁለት 2680 ቪ4፣ እያንዳንዱ 120 ዋት፣ 240። ጂቲኤክስ 1660 ካርድ 120። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክና ፋን በትንሹ 60 እስከ 100። ወደ 450 ዋት ትደርሳላችሁ። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚችለው 400 ዋት እንኳ አይሞላም። ሬንደር መሃል መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ይጮህና ያጠፋዋል፤ ሥራውም ይሄዳል። 1500 ቪኤ ያስፈልጋችኋል፤ ዋጋውን ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምሩት። አይ5-12400 ሲበዛ 117 ዋት ነው።

የኤችፒና የዴል ዎርክስቴሽን ፓወር ሰፕላይ ቅርጹና ገመዱ የራሱ ስለሆነ ቢቃጠል ከሱቅ በተገኘው አይተካም። ዲቫይደር ላይ ደግሞ ከምድጃና ከካውያ ጋር አትሰኩት።

ሙቀት ላይ ሰሜን ሸዋ ሁለት ዓይነት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋን በዚያው ዙር የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ኤችፒ የዜድ ማሽኖቹ የሚችሉትን የክፍል ሙቀት 35 ዲግሪ ይልና ከ1,524 ሜትር በላይ በየ305 ሜትሩ 1 ዲግሪ ቀንሱ ይላል። ለደብረ ብርሃን 31 ገደማ ይሆናል። ብርዱ ስለሚያግዘን አንደርስበትም። ሸዋ ሮቢት ዝቅ ያለ ስለሆነ ቅነሳው አይመለከተውም፤ ግን ክፍሉ ራሱ 35 ሊነካ ይችላል። እዚያ ሁለት ፕሮሰሰር የምታስኬዱ ከሆነ ሬንደሩን ለሌሊት አድርጉት፤ ሳጥኑንም ከግድግዳ አርቁት።

ደረጃ 8፦ ዊንዶውሱ

ዊንዶውስ ሆም አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው የሚያየው። ሁለተኛው ቢገጠምም አይጠቀምበትም። ፕሮ ሁለት ያያል። ዊንዶውስ 11 ኢ5ቶቹን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ ይሠራል፤ ግን ማሽኑ ላይ የባንክ ወይም የደንበኛ ሒሳብ የምትሠሩበት ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደረጃ 9፦ ሱቅ ውስጥ፣ ብሩ ከእጅ ሳይወጣ

1. ታስክ ማናጀር ላይ ሶኬትስ የሚለው 2 ይላል? 1 ካለ ወይ ዊንዶውሱ ሆም ነው፣ ወይ ሁለተኛው አይሠራም።
2. በሲፒዩ-ዜድ የሁለቱን ስም አወዳድሩ። አንድ ዓይነት፣ ቢቻል ስቴፒንጋቸውም (የዚያው ሞዴል እትም) አንድ የሆነ። የተለያዩ ከሆኑ ማሽኑ ላይነሳ፣ ወይም ሲነሳ እየተቋረጠ ሊያስቸግር ይችላል።
3. የተባለው ራም ሁሉ ይታያል? 64 ተብሎ 48 ከታየ አንድ የራም መስመር ሞቷል፤ ብዙ ጊዜ መነሻው መቀመጫው ላይ የታጠፈ ፒን ነው።
4. ሲኔቤንች አር23ን የ10 ደቂቃውን ፈተና አስኪዱ፤ በጎን ኤችደብሊውኢንፎ ይከፈት። የሁለቱ ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንደኛው ከሌላው በ15 ዲግሪ ከበለጠ ፔስቱ ደርቋል ወይም ፋኑ ደክሟል፤ ዋጋ የምታስቀንሱበት ምክንያት አገኛችሁ።

«ጊዜ የለኝም፣ ቸኩያለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት።

ከገዛችሁ በኋላ በጉዞ ላይ ማሽኑን አስተኙት፤ ማዘርቦርዱ ወደ ታች ይሁን። ሁለቱ ሂትሲንኮች ከባድ ናቸው፤ ሚኒባስ ሲዘል ቦርዱን ይጎትታሉ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ጣርማበርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት የምታወርዱት ከሆነ ደግሞ እንደደረሳችሁ አትሰኩት። ቀዝቃዛው ብረት ላይ የሞቀው አየር ጤዛ ይሠራል። እንደተጠቀለለ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ።

ደረጃ 10፦ ባለው ማሽን ላይ ሁለተኛውን መግጠም

1. መጀመሪያ ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም) አድሱ። በቪ3 የተሸጠ ማሽን ባዮሱ አሮጌ ከሆነ ቪ4ን አያውቀውም። ሲታደስ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት።
2. ገመዱን ንቀሉ፣ የማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተጫኑ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። የሳጥኑን ባዶ ብረት ንኩ። የደብረ ብርሃን ደረቅ ብርድና የሱፍ ሹራብ ሲገናኙ ስታቲክ ያበዛሉ፤ ሹራቡን አውልቁት።
3. የመቀመጫውን ሁለት ማንሻዎች ክፈቱ። ፒኖቹ ቦርዱ ላይ ናቸው፤ ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። በጣትም በጨርቅም አትንኳቸው። መብራት አብርታችሁ ከጎን እዩ፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ካልተኙ አቁሙ።
4. የፕሮሰሰሩን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከመቀመጫው ምልክት ጋር አገናኙ። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መግፋት የለም፤ በራሱ ክብደት ይገባል።
5. ማንሻዎቹን ዝጉ፤ ፔስት በመሃል አንድ ቀጭን መስመር። የሂትሲንኩን ብሎኖች በሰያፍ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ብትሄዱ ይጋደላል፤ አንዱ ጥግ ሳይነካ ይቀራል።
6. የፋኑንና የሁለተኛውን ፕሮሰሰር የፓወር ገመድ ሰኩ። ራሙን እኩል ከፋፍሉ።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- የሁለቱን ጊጋኸርትዝ መደመር። ሁለት 2.4 ማለት 4.8 አይደለም።
- ራሙን ሁሉ አንደኛው ፕሮሰሰር ጋ መክተት።
- ሁለት 18 ኮር መግዛት። 72 ትሬድ ይሆናል፤ ዊንዶውስ ከ64 በላይ ሲሆን ለሁለት ቡድን ይከፍለዋል፣ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ አንዱን ቡድን ብቻ ይጠቀማል። ለዚህ ነው 14 ኮሩ ላይ የማቆመው።
- ለሁለተኛው ፕሮሰሰር ከፍሎ ለኤስኤስዲ ብር ማጣት።

ገጥማችሁ ካልተነሳ

ሁለተኛውን አውጡና በአንዱ ብቻ አስነሱት። ከተነሳ፣ አዲሱን ፕሮሰሰር በመጀመሪያው መቀመጫ ብቻውን ሞክሩት። እዚያ ከሠራ ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፤ ችግሩን መጀመሪያ ሁለተኛው መቀመጫና የፓወር ገመዱ ላይ ፈልጉ። እዚያም ካልሠራ ፕሮሰሰሩ የሞተ ነው፤ ሻጩ የመመለሻ ቀኑን ሳያሳልፍባችሁ መልሱት። መቀመጫውና ገመዱ ደህና ሆነው፣ ሁለቱም በየተራ ሠርተው አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ እምቢ ካሉ፣ ስቴፒንጉን አወዳድሩና ራሙን በየፕሮሰሰሩ አንድ አንድ ብቻ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ።